የላይኛው መደርደሪያ

ለትልልቅ ሰዎች እጅ መታጠብ አስተምራለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ግን እንዲህ አልልም፤ «የምግብ ንጽሕና አሠልጣኝ ነኝ» እላለሁ። ከዊንጌት ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ፎቅ ላይ ባለች ክፍል ውስጥ የሆቴልና የካፌ ማእድ ቤት ሠራተኞች ለሁለት ቀን ፊት ለፊቴ ይቀመጣሉ። ግማሾቹ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ሽንኩርት ሲከትፉ የኖሩ ናቸው። እኔ ደግሞ ግድግዳው ላይ ስላይድ እያሳየሁ ሽንኩርት በምን ላይ እንደሚከተፍ እነግራቸዋለሁ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰርተፊኬት ይወስዳሉ፣ አብረን ፎቶ እንነሳለን፣ ይሄዳሉ። ቤታቸው ገብተው ምን እንደሚያደርጉ አላውቅም። እኔ ቤቴ ገብቼ ያደረግሁትን ግን አውቃለሁ፤ የምጽፈውም ስለ እሱ ነው።

ከስላይዶቼ ሁሉ ክፍሉን የሚያነቃው አንዱ ነው። «ጥሬ ዶሮ አይታጠብም» ይላል። ምክንያቱን አስረዳለሁ፤ ዶሮው ላይ ያለውን ጀርም ውሃ አይገድለውም፣ እየረጨ ሳህኑ ላይ፣ ቢላዋው ላይ፣ አጠገቡ ያለ ምግብ ላይ ያዳርሰዋል እንጂ። የሚገድለው እሳት ነው። ይህን ተናግሬ ስጨርስ ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጫማ አድርጎ ሲገባ ያዩ ይመስል ያዩኛል። አንድ ቀን ጠና ያሉ ወጥ ሠሪ እጃቸውን አወጡ።

«የኔ ልጅ፣ አግብተሻል?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ባልሽ ይህን ያውቃል?»

ባሌ ያውቃል። ያላወቁት እናቱ ነበሩ።

አማቴ ወደ ቤታችን የመጡት ለሁለት ሳምንት ነበር። ከሱሉልታ ወዲያ ካለው ቀያቸው፣ ዝናብ ያበሰበሰው መንገድ ላይ አንሸራቷቸው የቀኝ እጃቸው አንጓ ላይ ተሰበሩ። መጀመሪያ ወጌሻ አየው፤ ቀጥሎ እኛ ሆስፒታል ወሰድናቸው፤ ጀሶ ታሰረላቸው። ሁለቱ ሳምንት ወር ሆነ፣ ወሩም ስድስት ወር ሆነ። ጀሶው ቢፈታም እጁ ጉልበት አልነበረውም፤ መቀነታቸውን እንኳ የማስርላቸው እኔ ነበርኩ።

ያኔ ልጅ አልወለድንም። ጉለሌ ውስጥ ሽቅብ በሚወጣ አንድ ሰፈር፣ ከሌላ አንድ ቤተሰብ ጋር ግቢ ተጋርተን ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ማእድ ቤቱ ለብቻው ነው፤ ቧንቧው ግቢው መሐል ነው፤ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በጀሪካን እናጠራቅማለን። በዚያች ማእድ ቤት ውስጥ ሦስት መክተፊያ አለኝ፤ ቀዩ ለጥሬ ሥጋ፣ አረንጓዴው ለአትክልት፣ ነጩ ለዳቦ። ፍሪጅ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ላዩ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ ቀኑ ይጻፍበታል። አማቴ መጀመሪያ ቀን ፍሪጁን ከፍተው ብዙ ቆሙ።

«ይሄ ምን ይላል?» አሉኝ አንዱን ዕቃ እያሳዩ። ፊደል አልቆጠሩም።

«የተሠራበትን ቀን ነው፣ እማማ።»

«ለምን? ወጡ ራሱ አይናገርም?» ክዳኑን ከፍተው አሸተቱት። «ይሄ የማክሰኞ ነው።»

ፕላስተሩን አየሁት። ማክሰኞ ይላል።

እንዲህ ስል ግን ሁሉንም ነገር የሚያውቁ የድሮ ሰው ነበሩ ማለቴ አይደለም። የቀመሱበትን ማንኪያ መልሰው ድስት ውስጥ ይከቱታል። ወጥ ከምድጃ አጠገብ አሳድረው ጠዋት «አንተክትኬዋለሁ» ይሉኛል። ቀዩን መክተፊያ ለጎመን፣ አረንጓዴውን ለሥጋ ይጠቀሙበታል፤ ስናገራቸውም «ቢላዋው ቀለም ይለያል እንዴ?» ይላሉ። እኔም በበኩሌ ቀን በቀን አርማቸው ነበር። ምክንያቱን ግን አልነግራቸውም፤ ለሠልጣኞቼ የምሰጠውን የሁለት ቀን ማብራሪያ ለእሳቸው በሁለት ቃል እጨርሰዋለሁ፤ «እንደሱ አይደለም!» ባሌ የሁለታችንንም ምግብ ይበላል፤ የማናችንንም ሐሳብ አይደግፍም። ጠብ ሲነሳ ግቢው ውስጥ ያለውን ጀሪካን ሊሞላ ይወጣል። ጀሪካኖቻችን ሁሌም ሙሉ ነበሩ።

ፋሲካ ደረሰ። የባሌ እህት ከባሏና ከስድስት ዓመት ልጃቸው ጋር ከአዳማ ሊመጡ ሆነ። ሐሙስ ዕለት እኔና አማቴ ዶሮ ለመግዛት ሸጎሌ ሄድን። እጃቸው ቢታመምም ምርጫውን ለእኔ ሊተዉ አልፈለጉም። አንዱን አውራ ዶሮ ያዙልኝ ብለው ላባውን በትንፋሻቸው ከፍ አድርገው ቆዳውን አዩ፤ እግሩን ዳሰሱ፤ ዐይኑን ዐይተው ተዉት። አምስተኛው ላይ «ይሄ» አሉ። ሻጩ፣ «እናቴ፣ ሙሽራ ነው እንዴ የሚመርጡት?» ሲላቸው፣ «ሙሽራማ ስመርጥ እንዲህ አልተጠነቀቅሁም» አሉና እኔን አዩኝ።

ታክሲ ውስጥ ዶሮውን እግራችን ሥር አድርገን ስንመለስ ድርድር ጀመርን።

«ታጥቢዋለሽ አይደል?»

«እማማ፣ በሳይንሱ…»

«ሳይንሱ ይቆየን። ዶሮው ይታጠባል?»

እጃቸው ስለማይሠራ ቆራጯም አጣቢዋም እኔ ነኝ። ስለዚህ እሳቸውም ያለ እኔ፣ እኔም ያለ እሳቸው ዶሮ ወጥ መሥራት አንችልም። ሁለት ሁኔታ አቀረብኩ። አንደኛ፣ ይታጠባል፤ ግን ማእድ ቤት ውስጥ ሳይሆን ውጭ፣ በገንዳ ውስጥ፣ ሳይረጭ፤ ቀጥሎ ቦታው በበረኪና ይጸዳል። ሁለተኛ፣ ታጥቦ ካለቀ በኋላ ሽንኩርቱ እስኪበስል ድረስ እንደ ልማዱ በሎሚ ውሃ ተዘፍዝፎ ጠረጴዛ ላይ አይቆይም፤ ፍሪጅ ይገባል።

«ፍሪጅ? ለሁለት ሰዓት?»

«ለሁለት ሰዓት፣ እማማ።»

«ይሁን» አሉ። «ዶሮውም ይብረደው።»

ቅዳሜ ጠዋት ባሌ አረደ፣ በፈላ ውሃ ነጨን፣ ለበለብነው። አማቴ ከጎኔ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ብልቱን በቃል እያዘዙኝ ቆረጥኩ፤ «እዚያ ጋ መገጣጠሚያውን ፈልጊ፣ አጥንቱን አትስበሪው።» ከዚያ እጥበቱ መጣ። በጨው አሸሁት፤ በሎሚ አሸሁት፤ ውሃ ቀየርኩ። «ድገሚ።» ቀየርኩ። «ድገሚ።» ውሃው ከእኔ ፊት በላይ ጠርቶ ሳለ «አንድ ለእመቤታችን» አሉኝ። የግቢው ጎረቤታችን ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ቆማ አየችን፤ ቀስ ብላም ወደ ቤቷ ዞራ፣ «አጠበችው እኮ!» ስትል ሰማኋት። ዶሮ እንደማላጥብ ወሬው ሰፈሩን ሁሉ አዳርሶ እንደነበረ ያወቅሁት ያኔ ነው።

በዚያው ጠዋት፣ ዶሮው ሳይታረድ በፊት፣ ለእሑድ የሚሆን የቀይ ሥርና የድንች ሰላጣ ሠርቼ ነበር። ቀቅዬ፣ አቀዝቅዤ፣ በአረንጓዴው መክተፊያ ከትፌ፣ ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጌ በስስ ላስቲክ ሸፍኜ፣ ቀን ለጥፌበት ፍሪጅ አስገብቼዋለሁ። እንከን አልነበረበትም። ፎቶ ተነስቶ ስላይድ ላይ ሊወጣ ይችል ነበር።

ታጥቦ ያለቀውን ዶሮ በዝርግ ሳህን ይዤ ፍሪጁን ስከፍት ታችኛው መደርደሪያ ሞልቷል። ቅቤው፣ አይቡ፣ እንቁላሉ፣ ቀን የተጻፈባቸው ዕቃዎቼ በሙሉ። መሐለኛው ላይ ሰላጣው አለ። ባዶው የላይኛው ብቻ ነው። ፍሪጃችን አሮጌ ስለሆነ መደርደሪያው መስታወት አይደለም፤ ሽቦ ነው።

ያቺን ደቂቃ አልረሳትም። ስላይዱ ዐይኔ ላይ መጣ፤ «ጥሬ ከታች፣ የበሰለ ከላይ።» በየሳምንቱ የምለው ነገር ነው። የታችኛውን ዕቃ ለማውጣት ግን ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ማንሳት ይፈልጋል፤ ወገቤን አሞኛል፤ እጄም ጥሬ ዶሮ የነካ እጅ ነው፤ ዕቃዎቼን መንካት አልፈለግሁም። «ለሁለት ሰዓት ነው» አልኩ ለራሴ፤ አማቴን ያግባባሁበትን ቃል። ሳህኑን ከላይ አስቀምጬ በሩን በክርኔ ዘጋሁና እጄን እንደሚገባ ታጠብኩ።

ሽንኩርቱ ከሰል ላይ ነበር። ከቀትር በኋላ ዶሮውን አውጥተን ድስት ውስጥ ከተትነው። ብዙም ሳይቆይ መብራት ሄደ። አማቴ አልደነቃቸውም፤ እሳታቸው በመብራት አይሠራም። ጾም ስላልተፈታ ወጡን ማንም አይቀምስም፤ እሳቸው ክዳኑን እየከፈቱ በማሽተት ብቻ «ጨው ጨምሪ»፣ «በቃ» ይሉኝ ነበር። እኔ ያለ ቴርሞሜትር እሺ እያልኩ ጨመርኩ።

መብራት የመጣው እሑድ ጠዋት ነው። ስለዚህም ጉዳይ ስላይድ አለኝ። መብራት ከአራት ሰዓት በላይ ከጠፋ፣ የበሰለ ምግብ ይጣላል። ግን በሩን አልከፈትነውም፣ ቅዝቃዜው አልወጣም ብዬ አሰብኩ። ደግሞም ሰላጣው ያማረ ሰላጣ ነበር።

እንግዶቹ መጡ። ዶሮ ወጡ ቀረበ፤ እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ያለ ዶሮ ወጥ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልበላሁም። ሁላችንም የሁለት ወር ጾማችንን አንድ ማእድ ላይ ልንክስ ተቀመጥን። ወጡ ሲጋመስ እኔ ሰላጣዬን አመጣሁ። ላስቲኩን ስገፈው መሐሉ ጎበጥ ብሎ ትንሽ ውሃ አቁሯል። የፍሪጁ በረዶ ቀልጦ ነው አልኩ። ከፊሉ ሳህኑ ውስጥ ፈሰሰ፤ በማንኪያ አማሰልኩት። ቀይ ሥር ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ ቀይ ነው፤ ምንም አይለይም።

«ብሉ እንጂ፣ ከቅባት በኋላ ለሆድ ጥሩ ነው» እያልኩ አዞርኩት። ባሌ ወሰደ። እህቱና ባሏ ወሰዱ። አማቴ ሳህኑን በግራ እጃቸው ገፋ አደረጉት።

«ሁለት ወር ቀይ ሥር ስበላ ከረምኩ። ዛሬስ ተዪኝ፣ ልጄ።»

ትንሿ ልጅም አልበላም አለች። እሷን አልተውኳትም። ጠቅልዬ አጎረስኳት። በታጠበ እጄ።

ሰኞ ጠዋት ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። መጀመሪያ ባሌ፣ ቀጥሎ እኔ፣ ቀጥሎ እህቱና ባሏ። ግቢው ውስጥ ያለው መጸዳጃ አንድ ነው። ስለ ተራ አጠባበቃችን ብዙ አልጽፍም፤ ጎረቤታችን ልብስ ማስጣቱን ትታ ወደ ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች፤ እግዜር ይስጣት። ልጅቷ ግን አላስቃችንም። ጠዋት ሁለት ጊዜ አስመለሳት፤ ረፋድ ላይ ዐይኗ ጎደጎደ፤ ስንጠራት ቶሎ አልመልስ አለች።

ቆመው የቀሩት አማቴ ብቻ ነበሩ። በአንድ እጃቸው። ውሃ አፍልተው ስኳርና ቁንጥር ጨው ጨምረው በየተኛንበት እየዞሩ በትንሽ በትንሹ አጠጡን። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ አንድ ጀሪካን እየጎተቱ ሲገቡ አይቻለሁ። የልጅቷን ግንባር ዳሰው «ይቺ ልጅ ሐኪም ትሻለች፣ አሁኑኑ» ያሉትም እሳቸው ናቸው። እናትዬው መነሳት ስላቃታት እኔ ተንገዳግጄ አዝያት ወረድኩ፤ ከመንገዱ ዳር ያለው ክሊኒክ ወሰድኳት።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ጉሉኮስ እየሰካላት፣ «ምን በላችሁ?» አለኝ።

«ዶሮ ወጥ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ… ዶሮ ወጥ ነው።»

«ማን ነው የሠራው?»

«አማቴ» አልኩት። ቆርጬ፣ አጥቤ፣ ጨው የጨመርኩት እኔ ነኝ። ግን ቃሉ ሳላስበው ነው የወጣው፤ ከወጣም በኋላ ደስ አለኝ።

ጉሉኮሱ ሲያልቅ ልጅቷ ብስኩት ጠየቀች። ወደ ማታ ቤት ስንገባ ሁሉም ትንሽ ተሽሎት ተቀምጧል። አማቴ አጥሚት እያማሰሉ ነበር። በሕመሙም በድንጋጤውም መሐል ያ የስድስት ወር ንዴቴ አፌ ላይ መጣ።

«ብዬ ነበር» አልኩ፣ ሁሉም እየሰማ። «ዶሮ ሲታጠብ ይበክላል ብዬ ነበር። በግድ አሳጠቡኝ። ይኸው፣ ልጅቷን ልንቀብራት ነበር።»

ባሌ እንኳ ወደ ጀሪካኑ አልሄደም። አማቴ ማማሰያውን አስቀመጡ።

«እውነትሽን ይሆናል፣ ልጄ» አሉ። «እኔ ምን አውቃለሁ።»

በስድስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክክል ነሽ አሉኝ። አልዋሽም፣ ያን ሌሊት ሆዴ እያመመኝም በሰላም ነው የተኛሁት።

ማክሰኞ እንግዶቹ ተሽሏቸው ወደ አዳማ ተመለሱ። እኔ ፍሪጁን ላጸዳ ገባሁ። የላይኛውን መደርደሪያ ላነሳ እጄን ከሥሩ ስሰድ ሽቦው ላይ የደረቀ ነገር ነካሁ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ፈዛዛ ሮዝ መልክ ያለው ጠብታ፣ አንዱ በሌላው ላይ፣ ሽቦው ላይ ተንጠልጥሎ ደርቋል። በትክክል የሰላጣው ሳህን ከነበረበት ቦታ በላይ። የላስቲኩ ጎባጣ ትዝ አለኝ። ውሃው ትዝ አለኝ። ማንኪያው፣ ልጅቷ አፏን ስትከፍት፣ እጄ።

በርጩማው ላይ ቁጭ አልኩ። ቀጥሎ ያደረግሁትን ነገር ለረጅም ጊዜ ለማንም አልተናገርኩም። በረኪናውን አወጣሁና መደርደሪያውን አንድ በአንድ ፈትጌ፣ አለቅልቄ፣ ፀሐይ ላይ አደረቅሁ። የተረፈውን ሰላጣ ደፋሁት። ፍሪጁ በሩ ላይ ያለው ላስቲክ እጥፋት ሳይቀር ጸዳ። ሠልጣኞቼ ቢያዩኝ ይኮሩብኝ ነበር። ከዚያ እጄን ታጥቤ ለማንም ምንም ሳልናገር ወጣሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አማቴ ማእድ ቤት አልገቡም። ደጃፍ ላይ ይቀመጣሉ። ውሃ ሲጠማቸው «ብርጭቆውን ልንካው?» ይሉኛል። ምግብ ሲቀርብ በዚያ በደከመ እጃቸው ሳሙና ይዘው እስከ ክርናቸው ይታጠቡና ሁለቱንም እጃቸውን ዘርግተው ያሳዩኛል፤ ሠልጣኞቼ በልምምድ ሰዓት እንደሚያሳዩኝ። ስድስት ወር ሙሉ ያንን ነበር የፈለግሁት። አገኘሁት፤ ቀና ብዬ ግን ላየው አልቻልኩም። «ንጹሕ ነው፣ እማማ» እላለሁ፣ መሬት መሬት እያየሁ።

ባሌ ነገሩ አልገባውም። «እማዬ አኩርፋለች መሰለኝ» አለኝ ዐርብ ዕለት። «አንቺ አናግሪያት።»

«አንተ ለምን አታናግራትም? እናትህ ናት።»

«አናገርኳት። ‹ደህና ነኝ› ነው የምትለው።»

በሳምንቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አማቴ ዕቃቸውን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸውን መኪና ፈልግልኝ ብለው ልከውታል።

«እጄ ድኗል» አሉኝ። «ከብቶቹም ያለ ሰው ከረሙ።»

እጃቸው አልዳነም። መቀነታቸው ፈታ ብሎ ተንጠልጥሏል፤ እንዳስርላቸው አልጠየቁኝም። ጎንበስ ብዬ ማሰር ጀመርኩ፤ ፊታቸውን ሳላይ መናገር ስለሚቀል ይሆናል፣ እዚያው ተናገርኩ።

«እማማ፣ ወጡ አይደለም ያሳመመን።»

መቀነቱን አንድ ዙር ጠመጠምኩ።

«ሰላጣው ነው። ጥሬውን ዶሮ ከሰላጣው በላይ አስቀመጥኩት። ውሃው ተንጠባጥቦ ወረደበት። ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ፍሪጁን ሳጸዳ አየሁት።»

«መቼ ነው ያጸዳሽው?»

«ማክሰኞ።»

«ዛሬ እሑድ ነው።»

«አዎ፣ እማማ።»

አፍ በፈቱበት በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ግማሹን ሰማሁት፤ ሌላውን ግማሽ እንዲተረጉሙልኝ አልጠየቅሁም። መቀነቱን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ሊያስሩት ሞከሩ፤ አቃታቸው፤ ተዉት።

«ልጅቷን በእጄ ልገድላት ነበር ብዬ ነው ስድስት ሌሊት እንቅልፍ ያጣሁት» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። «እጄን እያየሁ፣ ይሄ እጅ ምን ነክቶ ይሆን እላለሁ። አንቺ ታውቂያለሽ። እጄን ዘርግቼ ሳሳይሽ ታውቂያለሽ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«እሱ ይቆየን። መጀመሪያ ለልጄ ትነግሪዋለሽ። ለእህቱም ትነግሪያታለሽ። ዛሬ። እኔ እየሰማሁ።»

ባሌ «መኪናው መጣ» ብሎ ሲገባ ነገርኩት። አማቴ «መኪናው ይቆይ» አሉ። ወደ አዳማ ለእህቱ ደወልኩና ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጌ አልጋው ላይ አስቀመጥኩት። ሁሉንም አንድ በአንድ ተናገርኩ፤ የላይኛውን መደርደሪያ፣ ሽቦውን፣ ላስቲኩን፣ ልጇን ማጉረሴን።

«ወይ አንቺ!» አለች የባሌ እህት። «እማዬ ቅር እንዳይላት ብለሽ እኮ ነው።»

«አይደለም፣ እውነቴን ነው።»

«ተይ እንጂ፣ አውቅሻለሁ። አንቺ የመክተፊያ ቀለም የምትለዪ ሰው፣ እንዲህ ታደርጊያለሽ? ጥፋቱን በራስሽ ላይ ማድረግሽ… በጣም ደግ ነሽ። እማዬ እንዳንቺ ያለች ምራት በማግኘቷ…»

«እውነቴን ነው እያልኩሽ!»

«እሺ፣ እሺ። ግን ለሚቀጥለው ዶሮውን ባታጥቡት ጥሩ ነው።»

አማቴ አፋቸውን ከፍተው ስልኩን አዩት። እኔን አዩኝ። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ነገርኳት፤ በተናገርኩ ቁጥር ደግነቴ እየጨመረ ሄደ። በመጨረሻ አማቴ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ «አንቺ ደደብ ልጅ፣ እሷ ናት ያሳመመችሽ! እሺ በያት!» ብለው ጮሁ። ባሌ መሳቅ ጀመረ፤ በሳቁ ደንግጦ አቆመ፤ እናቱ ሲስቁ ሲያይ እንደገና ጀመረ። እኔ አለቀስኩ። የባሌ እህት እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ያመነች አይመስለኝም፤ ዘመድ መሐል ሲወራም ሰው የታመመው በእጥበቱ ነው ይባላል።

መኪናው ባዶውን ተመለሰ። ይቅርታው ግን በዚያ ቀን አልተሰጠም። ሁለት ሳምንት ያህል ከሚያስፈልገው ቃል በላይ አላናገሩኝም። አንድ ቀን ግን ጎመን ስከትፍ ማእድ ቤቱ በር ላይ መጥተው ቆሙ።

«ነገሩን ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አሉ። «‹እንደሱ አይደለም› አትበዪኝ። ለምን እንደሆነ ንገሪኝ።»

በርጩማ አቀረብኩላቸው። ስለ ጥሬና ስለ በሰለ ምግብ፣ እሳት ስለሚገድለውና ቅዝቃዜ ስለሚያስተኛው ነገር፣ ወጥ አድሮ ቢፈላም ስለማይጠፋው መርዝ ነገርኳቸው። ጠየቁኝ፤ መለስኩ፤ ያልተስማሙበትን አልተስማሙም። መደርደሪያው ጋ ስንደርስ ግን እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ። ሥጋ ከታች የሚሆነው ውሃው ወደ ታች ስለሚወርድ ብቻ ነው?»

«ለሱ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ይሄን ለማወቅ ነው ትምህርት ቤት የገባሽው?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የታችኛው መደርደሪያ የእሳቸው ግዛት ሆነ። ያለ እሳቸው ፈቃድ ምንም አይገባበትም። መቅመሻና ማማሰያ ማንኪያም ተለያየ፤ ዶሮ ግን ይታጠባል፣ ውጭ፣ በገንዳ። እጃቸው ሲበረታ፣ ክረምቱ ሳይገባ ወደ ቀያቸው ተመለሱ። ከቤታችን የወሰዱት አንድ ነገር ቢኖር ነጩን መክተፊያ ነው፤ ዳቦ የሚቆርሱት በእጃቸው ስለሆነ ምን እንደሚያደርጉበት አልጠየቅኋቸውም።

ይህን ታሪክ ለሠልጣኞቼ መናገር የጀመርኩት ከዓመት በኋላ ነው። መጀመሪያ «አንዲት የማውቃት ሴት» እያልኩ ተናገርኩ። ሳቁ፤ «ምን ዓይነቷ ናት!» አሉ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሦስተኛው ዙር ላይ አፈርኩና «እኔ ነኝ» አልኩ። ሳቁ ወዲያው ቆመ። ከኋላ ወንበር አንዲት በካፌ የምትሠራ ወጣት ደብተሯን ከፍታ እጇን አወጣች።

«ማክሰኞ ካወቅሽ፣ ለምን እስከ እሑድ ዝም አልሽ?»

ስለ ሙቀት፣ ስለ መደርደሪያ፣ ስለ በረኪና መጠን ቢሆን ኖሮ ስላይድ ነበረኝ።

«ፈርቼ ነው» አልኳት።

አቀርቅራ ደብተሯ ላይ ጻፈችው።